ማሳው ለባሕር ዛፍ ከመሰጠቱ በፊት

ገበሬ ወገኖቼ! ከደብረ ማርቆስ ወጥታችሁ በጎዛምን፣ በማቻከል፣ በስናን በኩል ስትሄዱ ምን ታያላችሁ? ገብስና ጤፍ ይታጨድበት የነበረ ማሳ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ለምን ይመስላችኋል?

«ገበሬው ገንዘብ ወዶ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ማምጣቱ እውነት ነው። ግን ገበሬ እንጀራ የሚያበላውን ማሳ በዋዛ አይለቅም። የለቀቀው ማሳው ስለከዳው ነው።

ማሳው እንዴት ከዳ? የጮቄ ተራራ ዙሪያ ደጋው ዝናብ ይበዛዋል። ዝናቡ የአፈሩን ጥሩ ጥሩውን አጥቦ ይወስዳል። እኛም ሰብሉን ከነገለባው እናነሣለን። እበቱን ኩበት አድርገን እናነዳለን። ለመሬቱ የምንመልስለት የለም። ዳፕና ዩሪያ ብቻ ለብዙ ዓመት ሲደጋገምም አፈሩን ያኮመጥጠዋል። ባለሙያዎች ይህን «አሲዳማ አፈር» ይሉታል። በእንዲህ ያለ አፈር የሰብሉ ሥር ይቀጭጫል። የተጨመረው ማዳበሪያም በአፈሩ ይታሰርና ለሰብሉ አይደርስም። ስለዚህ ገብሱ ይቀራል፤ እንግዶና ድንች ይተካል፤ በመጨረሻ ባሕር ዛፍ ይመጣል። ችግሩ የጎጃም ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው።

ታዲያ ባሕር ዛፍ መድኃኒት ነው? አይደለም። የጎረቤትን ሰብል በጥላው ያቀጭጫል፤ በሥሩ ውኃ ይሻማል። ቢቆረጥም ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ነቅሎ መልሶ ማረስ ትልቅ ድካም ነው። በአንድ ዛፍ መተማመንም አደጋ አለው። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች በደከመ ማሳ ላይ ዲከረንስ ተክለው ከሰል እያከሰሉ ተጠቅመው ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የዋግ በሽታ ዛፉን መታው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ከመትከላችሁ በፊት አፈራችሁን አስመርምሩ።

ሁለተኛ፣ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይጨመርበት። ኖራው ከዘር አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይታረስ። የኖራ ድንጋዩ ሩቅ አይደለም፤ ደጀን፣ ዓባይ በረሃ አለ። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል። ይህን ገበሬው ብቻውን አይችለውም። ማድረሱ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛም አጥብቀን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ባሕር ዛፍን አንጥላ፤ ቦታ እንስጠው እንጂ። በቦረቦርና በማይታረስ ዳገት ይተከል። ማገዶው ከዚያ ከተገኘ እበቱ ለማሳው ይተርፋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ «መሬት ለአራሹ!» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለአራሹ ልጅ የሚታረስ መሬት ይቆየዋል ወይ?

ይህን ያነበባችሁ፣ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ችግኙን ሳይገዛ ቶሎ ድረሱለት!