ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ለምትሰበስቢን

ውድ እህታችን፣

ይህን ምስጋና በስልክም ልነግርሽ እችል ነበር። በአደባባይ ለመጻፍ የመረጥኩት ያንቺ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይመሰገን ስለሚያልፍ ነው። ወደ አማርኛ በምንመልሳቸው የጤና ትምህርት ጽሑፎች ላይ የተርጓሚው ስም ይወጣል፤ ያረመው ይጠቀሳል፤ የተማከረው ሐኪም ይመሰገናል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በእስራኤሏ ነታንያ፣ በለንደንና በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነን የምንሠራውን ሰዎች በየሳምንቱ በቪዲዮ አገናኝታ፣ አወያይታ፣ የተስማማንበትን ጽፋ የምትልክልን ሰው ስም ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የለም። ጽሑፎቹ በቀናቸው የሚወጡት አንቺ የሰውን ጊዜ ስለምታከብሪ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ሌላውም ይወቀው።

ከቀጠሮው ልጀምር። ሥራውን ያላየ ሰው ሊንክ መላክ ብቻ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ግን “ሦስት ሰዓት ላይ እንገናኝ” ብሎ መጻፍ አደጋ አለው፤ ባሕር ዳር ያለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብሎ ሲረዳው፣ ለንደን ያለችው ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ብላ ትይዘዋለች። ስለዚህ አዲስ ሰው ወደ ቡድናችን ሲቀላቀል በቅድሚያ የማሳየው ያንቺን አንድ መልእክት ነው። እንዲህ ይላል፦

“ሐሙስ ጥቅምት 6 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 16። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ከቀኑ 11:00። ነታንያ 17:00። ለንደን 15:00። ሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት 10:00። የምንወስነው ሁለት ነገር ነው፦ የደም ግፊቱ በራሪ ጽሑፍ የመጨረሻ እርማት፣ እና የስኳር በሽታው ጽሑፍ ለሐኪም የሚላክበት ቀን። ረቂቁን ቀድማችሁ አንብቡት። በ40 ደቂቃ እንጨርሳለን።”

በዚህ አጭር መልእክት ውስጥ ስንት ድካም እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ታደርግና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትመልሰዋለች። እንግሊዝ ይህንኑ የምታደርገው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው። እስራኤል ደግሞ ወደፊት የምታደርገው ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ነው። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባና በሲልቨር ስፕሪንግ መካከል ያለው ልዩነት አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ በመካከሉም አንዱ አገር ቀይሮ ሌላው ያልቀየረባቸው ግራ የሚያጋቡ ሳምንታት አሉ። አንቺ እነዚህን ሳምንታት ቀድመሽ ታውቂያቸዋለሽ። ሰው ባዶ ስክሪን ላይ ተቀምጦ እንዳይጠብቅ ከሳምንት በፊት በቴሌግራም ታስታውሺናለሽ።

የካላንደሩን ቀጠሮ በአዲስ አበባ ሰዓት ያሰርሽበት ምክንያትም ትዝ ይለኛል። በአሜሪካ ሰዓት ቢታሰር ኖሮ በኖቬምበር በአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ ይወድቅ ነበር፤ ያ ደግሞ የአዲስ አበባ ባልደረቦቻችን ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆሙበት ሰዓት ነው። ጉዳዩን ለሁላችንም አቀረብሽው። የሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች በክረምታቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመግባት ወደው ተስማሙ። ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳትደብቂ ስለጠየቅሽ ማንም አልተቀየመም።

ሐሙስን የመረጥሽውም በዘፈቀደ አይደለም። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት አለ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነታንያ ያለችው እህታችን ለሰንበት ትዘጋጃለች። ገናና ጥምቀት በፈረንጅ ካላንደር የሥራ ቀን መስለው ሲመጡ፣ ታኅሣሥ 29ን እና ጥር 11ን ቀድመሽ ትዘጊያቸዋለሽ። ዒድን አትረሺም። ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚከበረውን ሲግድንም ታውቂዋለሽ። የአሜሪካ የምስጋና ቀን ሁልጊዜ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሚውል በዚያ ሳምንት ስብሰባ የለንም። ማንም ሰው በዓሉንና ሥራውን እንዲያማርጥ አድርገሽ አታውቂም።

አሁን ወደ ስብሰባው ልግባ። “ይሰማል? እየተሰማሁ ነው?” በሚለው ጥያቄ ስንት ስብሰባ እንደሚባክን በርቀት የሠራ ሁሉ ያውቃል። አንቺ አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ትገቢያለሽ። የድምፅ ችግር ያለበት በዚያች ጊዜ ይሞክራል። ኔትወርክ የደከመበትን ሰው “ካሜራህን አጥፋው፣ ድምፅህ ይበቃናል” ትይዋለሽ። ይህ ምክር እውቀት ያለበት ነው። ዙም ባወጣው መመሪያ መሠረት ለድምፅ ብቻ በሴኮንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ይበቃል፤ ጥራት ያለው የሁለት ሰው ቪዲዮ ግን 600 ኪሎ ቢት ይፈልጋል። በሞባይል ዳታ ለሚገባው የባሕር ዳር ባልደረባችን ይህ ልዩነት የካርድ ገንዘቡ ነው። መብራት ሲጠፋበትም በስልኩ ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል፤ የሚቀጥለውን ገጽ ስታሳዪ እሱ ማየት እንደማይችል ስለምታውቂ አንቀጹን ጮክ ብለሽ ታነቢለታለሽ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወድልሽ ይህን ነው።

ተራ አሰጣጥሽም እንዲሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. በ10 ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት አንዱ ጠይቆ ሌላው መልስ እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሴኮንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ድምፅ ከአህጉር አህጉር ሲሻገር የሚዘገይበት ጊዜ ይህን ክፍተት ሊያክል ወይም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው እኩል ይጀምራል፤ ከዚያም “አንተ ቀጥል”፣ “የለም አንቺ ቀጥዪ” ሲባባሉ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አንቺ በስም ትጠሪያለሽ። በዕድሜ ትንሹን ታስቀድሚያለሽ፤ ጋሼ የምንላቸውን ዋና አራሚያችንን መጨረሻ ላይ “እርስዎስ ምን ይላሉ?” ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ። እሳቸው ቀድመው ቢናገሩ ወጣቶቹ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም እንደሚሉ ገብቶሻል። ባለፈው ዓመት ስለ ክትባት የተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ አንድ የመጠን ስህተት ያገኘችው ከሁላችን ታናሽ የሆነችው ናት፤ ተራዋን ስለሰጠሻት ተናገረች፣ ጽሑፉም ሳይታተም ታረመ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሥራሽ አያልቅም። ቃለ ጉባኤው በዚያው ምሽት ይደርሰናል፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። ቪዲዮ ከመቅዳትሽ በፊት ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። መብራት ወይም ኔትወርክ የከለከለው ሰው አንድ ገጽ አንብቦ ከእኛ እኩል ይሆናል።

የሰረዝሻቸውን ስብሰባዎችም ላመስግን። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም አራት ምክንያት አቅርበዋል፦ የሰው ዓይን ከቅርብ ሲያፈጥጥብን መዋሉ፣ የራስን ፊት ያለማቋረጥ ማየት፣ ከመቀመጫ መንቀሳቀስ አለመቻል፣ ሐሳብን በምልክት ለማስተላለፍ የሚወስደው ተጨማሪ ጥረት። አንቺም “ዛሬ የሚወሰን ነገር የለም፣ ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ይላክ” ብለሽ ጊዜያችንን ስትመልሺልን ዓይናችንንም ወገባችንንም አሳርፈሻል። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ ኮሮና ወደ አገራችን ከገባ በኋላ፣ ቪዲዮ ስብሰባ መክፈት ብዙ ሰው ተምሯል። መቼ መዘጋት እንዳለበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

 

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም አንድ ልመና አለኝ። በርቀት የሚሠራ ቡድን ካላችሁ፣ ቀጠሮ የሚይዘውን፣ የሚያወያየውንና ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውን ሰው ፈልጉት። ለዚህ የሚያውለውን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ቁጠሩለት፤ በዓመታዊ ግምገማው ላይ ጻፉለት፤ የሚገባውን ክፈሉት። እናንተም ተሰብሳቢዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ረቂቁን አንብባችሁ በሰዓቱ ግቡ። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስጋና የለም።

አክባሪሽ፣
የሐሙስ ተሰብሳቢ ባልደረባሽ