የደጋዋ ፀሐይና ነጩ ዱቄት

በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ሰማዩ ከተገለጠ፣ ሰቆጣ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ የተከለ ሰው የዱላውን ጥላ ለማየት ይቸገራል። በዚያ ሰሞን ፀሐይ በከተማዋ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለችና። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የዋግ ልጃገረዶች በዓሉ ስሙን ያገኘበትን የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ይውላሉ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ደመናውም ይመላለሳል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ፀሐይ ትጎዳናለች ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ነው። የፀሐይ ሙቀቷ ሌላ፣ ቆዳን የሚጎዳው ጨረሯ ሌላ ነው። አልትራቫዮሌት ተብሎ የሚጠራው ይህ ጨረር በዓይን አይታይም፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍም በሙቀት አይታወቅም። ከባሕር ወለል ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ሌላው ሁኔታ ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ይደርሳታል። የአዲስ አበባም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ስስ ደመና ደግሞ አብዛኛውን ጨረር ያሳልፈዋል። የደጋው ብርድ ያዘናጋል እንጂ አይከላከልም።

ይህን ጨረር ለመከላከል ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ከእናቶች የራቀ አይደለም። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ከኦ.አር.ኤስ. ጋር የሚታዘዘው ኪኒን ውስጥ ያለው ዚንክ ነው። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጠውም በዚሁ በዚንክ ነው። ዚንክ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዚንክ ኦክሳይድ ማለት ይህ ነው። የሕፃን መቀመጫ በሽንት ጨርቅ ተቆጥቶ ሲቀላ የሚቀባው ነጭ ቅባት ከዚህ ዱቄት ይሠራል። ለሚያሳክክ ሽፍታ የሚሰጠው ካላሚንም አብዛኛው ዚንክ ኦክሳይድ ሲሆን፣ ሮዝ ቀለም የሚሰጠው የተጨመረበት ጥቂት የብረት ኦክሳይድ ነው።

ለመሆኑ ይህ ዱቄት ጨረሩን የሚከላከለው እንዴት ነው? ብዙ ሰው እንደ መስተዋት መልሶ የሚያንጸባርቅ ይመስለዋል። በተደረጉት ልኬቶች ግን ወደ ኋላ የሚመለሰው አልትራቫዮሌት ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው በመዋጥ ነው። የዱቄቱ ቅንጣቶች የጨረሩን ኃይል ተቀብለው ይይዙትና በአብዛኛው ወደማይሰማን ጥቂት ሙቀት ይለውጡታል። ኃይሉ ቅንጣቱ ላይ አለቀ ማለት ቆዳው ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቆዳን የሚያቃጥለውንም፣ ጠልቆ ገብቶ የሚያጠቁረውንና የሚያስረጀውንም ጨረር በአንድነት ይከላከላል።

ደኅንነቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ረቂቅ ደንብ፣ በፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ከሚገቡት 16 ንጥረ ነገሮች መካከል ባለው መረጃ አስተማማኝና ውጤታማ ናቸው ያላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። እነርሱም ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናቸው። ለ12ቱ ተጨማሪ መረጃ ሲጠይቅ፣ የቀሩትን ሁለቱን አልተቀበላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ቅባቱ ሲቀቡት ፊትን ነጭ ስለሚያስመስል፣ ፊት የሚያቀላ ቅባት አድርገው የሚገዙት አሉ። ነጭነቱ ግን የቅንጣቶቹ መልክ ብቻ ነው፤ ሲታጠቡት ይለቃል። ዚንክ ኦክሳይድ ጥላ ነው እንጂ ቆዳን አያቀላም። በአንጻሩ ፊት ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሌሎቹ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው ሲሆኑ ቆዳን ያሳሳሉ። ማዲያት የወጣባት እናት ብዙውን ጊዜ እጇን የምትዘረጋው ወደነዚህ ነው። ማዲያት በእርግዝና ጊዜና የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን በሚወስዱ ሴቶች ላይ ይበረታል፤ ፀሐይ ካልተከለከለችም እየጠቆረ ይሄዳል። ጠይም ቆዳ ላይ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያባብሰዋል። በመሆኑም ለማዲያት የሚመረጠው የብረት ኦክሳይድ ተጨምሮበት ቡናማ ቀለም የያዘው ነው፤ እርሱ የሚታየውንም ብርሃን ይቀንሳል፣ ከፊታችን መልክም ጋር ይስማማል።

ታዲያ ቅባቱ ለሁላችንም ያስፈልገናል? ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ራሱ የተፈጥሮ ጥላ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ በተደረገ ልኬት የመከላከያው መጠን 13 ያህል ሲሆን፣ በነጭ ቆዳ ላይ 3 ገደማ ነበር። የቆዳ ካንሰር በአብዛኞቻችን ላይ እምብዛም የማይታየው ስለዚህ ነው። ጤናማ ጥቁር ቆዳ ያላት እናት ከልጆቿ ቀለብ ቀንሳ ውድ ቅባት እንድትገዛ የሚያስገድዳት ምክንያት የለም፤ ጃንጥላና ባርኔጣ ይበቋታል።

ቅባቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው አልቢኖ ሆኖ ለተወለደ ልጅ ነው። ይህ ልጅ የሜላኒን ጥላ የለውም፤ ወይም ያለው እጅግ ጥቂት ነው። በአፍሪካ ብዙ አልቢኖ ወገኖቻችን ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይያዛሉ። የሚያሳዝነው ይህ አብዛኛው ሊከለከል የሚችል መሆኑ ነው። የሚወቀሰው ደግሞ ዘወትር እናቲቱ ናት። ነገሩ ግን እርግማንም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም። ልጁ አልቢኖ ሆኖ የሚወለደው ከአባቱም ከእናቱም አንድ አንድ የዘር ምልክት ሲወርስ ነው። ሁለቱ ወላጆች ምልክቱን ሳያውቁት ተሸክመው ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ለምፅ የወጣበት ሰውም ነጭ በሆነው ቦታ ላይ ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

አጠቃቀሙን በአጭሩ እንግለጽ። አንደኛ፣ ልብስና ጥላ ይቅደም። ጥላሽ ከቁመትሽ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስስ ነጠላ ጨረር ያሳልፋል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ልብስና ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ይሻላል። ሁለተኛ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈው የመከላከያ ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ሠላሳ ማለት በሚገባ ከተቀባ ከሚያቃጥለው ጨረር ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ለፊት፣ ለጆሮና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይፈለጋል። ሳስቶ የተቀባ ቅባት የተጻፈውን ቁጥር አይሰጥም። በየሁለት ሰዓቱ፣ ከላብም በኋላ፣ ይደገም። አራተኛ፣ የሕፃን መቀመጫ ቅባት ወይም ዱቄቱን በቫዝሊንና በቅቤ በጥብጦ መቀባት አይተካውም፤ ዱቄቱ እኩል ስለማይሠራጭ ቆዳው በየመካከሉ ይጋለጣል። አምስተኛ፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ከቅባት ይልቅ ጥላና ልብስ ይሁን።

ይህን ስንል ልጆች ከፀሐይ ይደበቁ ማለታችን አይደለም። አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ የሚገኘው በፀሐይ ነው፤ በልብስ ተጠቅልለው ቤት ውስጥ የሚውሉ ሕፃናት አጥንታቸው የሚለሰልስበትን የሪኬትስ በሽታ አገራችን ታውቀዋለች። ጤናማ ልጅን ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ የማሞቁ ልማድ ይቀጥል። ጥንቃቄው ለሚያስፈልገው ልጅ ነው።

ቅባቱ ውድ መሆኑን አንዘነጋም። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ የሚገኘው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል ለአልቢኖ ወገኖች የሚሆን ቅባት እዚያው ተመርቶ እንዲታደል ማድረጉ፣ ነገሩ ከአፍሪካ አቅም በላይ አለመሆኑን ያሳያል። በእኛም አገር የቆዳ ሕክምና ለማግኘት በደሴ አጠገብ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርት ይጠቀሳሉ። ሰቆጣ ያለች እናት ልጇን በመጀመሪያ በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ልታሳይ ትችላለች። የማይድን ቁስል ወይም ቶሎ ቶሎ የሚደማ ምልክት ከታየ ግን ቀጠሮ ማራዘም አይገባም።

በመጨረሻም ወደ ሻደይ እንመለስ። በጨፋሪዎቹ መካከል አንዲት አልቢኖ ልጃገረድ ብትኖር፣ እናቷ ፀሐይ ትጎዳታለች ብላ ቤት ልታስቀራት አይገባም። እጅጌው ረጅም የሆነው ቀሚሷ አካሏን ይሸፍንላታል። የሚቀሩት ፊቷ፣ ጆሮዋ፣ አንገቷ፣ የእጆቿ መዳፍ ጀርባና ብዙዎቻችን የምንረሳው በሹሩባዋ መካከል ያለው የራስ ቅሏ ቆዳ ነው። ለራሷ ሻሽ፣ ለቀረው ቅባት ይበቃታል። ጓደኞቿም እኩለ ቀን ላይ ጭፈራውን ወደ ዛፍ ጥላ ቢያዞሩላት፣ ከበሮው የሚጎድልበት ነገር የለም።