ይህ ፍጡር ምን ይጠጣል?



ለቤተሰብ ዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ከአንዲት የሠራዊት አባል ባለቤት የተላከ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ፣ አባቱ ወደ ሩቅ ግዳጅ ከሄደ ወዲህ፣ የትምህርት ደብተሩን በእንግዳ ፍጡራን ሥዕል ሞልቶታል። አንዱ ስድስት ዓይን አለው፤ ሌላው ከጀርባው ጭስ ያወጣል። የሚኖሩበትንም ዓለም ከነወንዙና ከነተራራው በካርታ አበጅቶላቸዋል። እናቲቱ «ልጄ አእምሮው ተነክቶ ይሆን? ደብተሩንስ ልቀማው ወይ?» ስትል ትጠይቃለች።

አይቀማ። የሒሳብ ደብተሩ እንዳይበላሽበት ለሥዕሉ ሌላ ደብተር ይገዛለት፤ እናቲቱም አጠገቡ ተቀምጣ «ይህ ፍጡር ምን ይጠጣል?» ብላ ትጠይቀው።

ጥያቄው የልጅ ማባበያ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስለ ሌላ ዓለም በሚጽፉና በሚሥሉ ሰዎች ዘንድ ጥሩውን ሥራ ከመናኛው የሚለየው ይኸው ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ዱን» በተባለው ልብ ወለድ፣ ሌላው ሁሉ የሚከተለውን አንድ ሕግ ደነገጉ፤ ዓለሙ ውሃ የሌለው በረሃ ነው። ከዚህም የተነሣ የበረሃው ሰዎች ላባቸውን አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣቸውን ልብስ ይለብሳሉ፤ እምነታቸውና የሐዘን ሥርዓታቸው ሳይቀር ከውሃ ጋር የተሳሰረ ነው። አንባቢው ያንን ዓለም የሚያምነው ሕጉ ከቶ ስለማይፈርስ ነው።

ወታደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። አሥር ሺህ ጭራቅ ከተራራ ሲወርድ በሥዕል ያየ ወታደር፣ ከጥርሳቸው ይልቅ ስንቃቸው ያሳስበዋል። ውሃው በምን ተጭኖ መጣ? ቁስለኛውስ ወዴት ይወሰዳል? ለዚህ መልስ የሌለው ሠራዊት፣ በወረቀት ላይም ቢሆን፣ ሦስት ቀን አይቆምም።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ስፍራ ለማግኘት ወደ ጠፈር መውጣት አያሻም፤ ጎረቤታችን ጅቡቲ ከተማ ትበቃለች። ይህች የባሕር ዳር ከተማ በበጋዋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከምድረ በዳው የሚነሣው ነፋስ ፊት ይለበልባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መብራቷ በሽቦ ከኢትዮጵያ ይመጣል፤ ከምትጠጣው ውሃም ከፊሉ በቧንቧ ከኢትዮጵያ ይወርዳል። ጫቷ ከደጋው በየቀኑ ይደርሳል፤ የዘገየ ዕለት የገበያው ፊት ይጠቁራል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲዷ አርጅቶ፣ በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ ሐዲድ ተመርቆላታል። በዚያች ትንሽ አገር የፈረንሣይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የኢጣሊያና የቻይና ጦሮች ጎን ለጎን ሰፍረዋል። ደራሲ ይህን ሁሉ ከልቡ አንቅቶ ቢጽፍልን «አጋነነ» ባልነው ነበር።

ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛው አሳል ሐይቅ አለ። ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጅ ያህል ይበልጣል፤ ዳርቻው ነጭ የጨው ንጣፍ ነው። የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች ከዚያ ጨው እየጫኑ ወደ ደጋው ይወጡ ነበር። ከዚያ በስተ ደቡብ፣ በድንበሩ ላይ፣ አቤ ሐይቅ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ባሕር ሳያይ የሚቀረው አዋሻችን የሚያልቀው በዚህ ነው። በዳርቻው የፍል ውሃ ኖራ የገነባቸው የድንጋይ ማማዎች ቆመዋል፤ ረጃጅሞቹ 50 ሜትር ይደርሳሉ፤ ከአንዳንዶቹም እንፋሎት ይወጣል። (እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «የዝንጀሮዎች ፕላኔት» የተባለው ፊልም እዚህ ተነሣ ሲባል ይሰማል፤ ሐሰት ነው፤ በረሃው የተነሣው በአሜሪካ በዩታና በአሪዞና ነው። ለስፍራው ግን የሰው ውዳሴ አይጎድለውም።)

በዚያ ውሃ ውስጥ ፍላሚንጎ የተባለው ወፍ ቆሞ ይመገባል። እግሩ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ የረዘመው ገላውን ከውሃው ለማራቅ ነው። አንገቱን ቆልምሞ ምንቃሩን ገልብጦ ያስገባና ዓይን የማያያቸውን ነፍሳትና አልጌ ከውሃው ያጣራል። ሲፈለፈል ግራጫ ነው፤ ሮዝ የሚሆነው ከሚበላው ምግብ ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነጠብጣብ ያለበት ግዙፍ ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ወገን እርሱ ነው፤ የሚበላው ግን ከባሕሩ ፍጡራን ደቃቃውን ነው። ልጃችን ስድስት ዓይን ከመጨመሩ በፊት እነዚህን ሁለቱን ቢያጤን፣ እያንዳንዱ ዓይን ምክንያት እንደሚሻ ይረዳል።

ዓለም ለመፍጠር አውሬ የግድ አይደለም። በዚያችው ከተማ በ1965 የተወለዱት አብዱራህማን ዋቤሪ እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይኛ ባሳተሙት ልብ ወለድ አንዲት ነገር ብቻ ገለበጡ። አፍሪካ የተባበረችና የበለጸገች ናት፤ አውሮፓ የድህነትና የጦርነት ምድር ሆናለች። ስደተኛው ከስዊስ ይመጣል፤ ከኖርማንዲ የተወሰደች ልጅ በአሥመራ በማደጎ ታድጋለች። ቀንድና ጅራት ያለው አንድም ፍጡር የለበትም፤ ሆኖም በእኛ አስተያየት፣ ከብዙ የጭራቅ መጻሕፍት ይልቅ እንግዳው ዓለም ይህ ነው።

አሁን ወደ አባትዬው እንመለስ። ሥዕሉ በደብዳቤ ውስጥ ታጥፎ ይላክለት። «አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?» ብሎ መጻፍ የሚከብደው ልጅ፣ ስድስቱ ዓይኖች ወዴት እንደሚመለከቱ ለመንገር አይከብደውም። አባትም በመልሱ «ጎበዝ» ብሎ አይለፈው፤ ከሰፈረበት ምድር አንድ ነገር ይጨምርለት፤ የአሸዋውን ቀለም፣ በሌሊት የሚሰማውን የአውሬ ድምፅ፣ ግመል በነፋስ ጊዜ አፍንጫውን እንዴት እንደሚዘጋ። የፍጡሩን እግር አባት ይሣል፤ ራሱን ልጅ ይሣል፤ ስሙን እናት ታውጣለት።

እርሳስ የጠፋ እንደሆነ የምድጃ ከሰል ይበቃል፤ ወረቀት የጠፋ እንደሆነ የካርቶን ውስጡ ጥሩ ነው። ሥዕሉ ከራስ ሳይሆን ከመሬቱ ይጀመር፤ ጨው ወይስ ጭቃ ወይስ አሸዋ መሆኑ ሲታወቅ እግሩ ራሱ ይመጣል። ለዚህ ዓምድ ሥዕል የሚልኩ ቤተሰቦች በወረቀቱ ጀርባ ፍጡሩ የሚጠጣውን፣ የሚፈራውንና ሌሊት የሚያድርበትን ይጻፉልን።