የቦርድ ወንበር የማዕረግ ወንበር አይደለም

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ከወጡት መካከል አንዳንዶቹ ለትርፍ ባልቆመ የሙያ ማሠልጠኛ ቦርድ ውስጥ እንዲያገለግሉ ይጠራሉ። ነገ ተራው የእኛ ነው። እንዲህ ያለው ተቋም ብየዳ፣ እንጨት ሥራ፣ ልብስ ስፌትና ይህን የመሰለውን ሙያ እያስተማረ ወጣቱን ከእንጀራው ጋር የሚያገናኝ ነው። ጥሪው ክብር እንዳለው አንክድም። ለመሆኑ ግን የምንጠራው ለክብር ነው ወይስ ለሥራ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ የሚመራ ድርጅት እንዲቋቋም ሲፈቅድ የበላይ ሥልጣኑን ለቦርዱ ሰጥቷል። ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ጣሪያው 30 በመቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ ልኩን ይነግረናል እንጂ መዝገቡን ገልጦ አያነብልንም። ለሠልጣኙ መለማመጃ ብረትና ጣውላ ስንት ወጣ? ለነዳጅና ለስብሰባ መስተንግዶስ? ይህን መጠየቅ የቦርዱ ግዴታ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። በቦርድ ወንበር ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ሲያነብ አጨብጭቦ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሞ፣ ሻዩን ጠጥቶ ከሚሄድ አባል ባዶ ወንበር ይሻላል፤ ባዶ ወንበር ቢያንስ አይፈርምም። ይህን ስንል አባሉ በየቀኑ ሥራ እየገባ ዳይሬክተሩን ያስጨንቅ፣ ወይም ዘመዱን ለማስገባት ደብዳቤ ይጻፍ ማለታችን አይደለም። የቦርዱ ሥራ ዓላማውን መወሰን፣ ብቁ ዳይሬክተር መሾም፣ በጀቱን ማጽደቅና ውጤቱን መመርመር ነው። ከዚህ የወጣው የዳይሬክተሩ ድርሻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ መሳደብን ከልክለው ነበር። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም፣ ስለ ብየዳ የሚመክረው ቦርድ አንድም በያጅ ሳይኖርበት ቢሰበሰብ ንቀቱ መልኩን ለወጠ እንጂ ጠፋ አይባልም። በጀርመን አገር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ፣ በየሙያ ምክር ቤቱ ለሚቆመው የሥልጠና ኮሚቴ ከአሠሪዎች 6፣ ከሠራተኞች 6፣ ከሙያ መምህራን 6 አባሎች መድቧል፤ መምህራኑ በአብዛኛው የሚሰጡት የምክር ድምፅ ነው። እነሆ፣ በእጁ የሚሠራው ከአሠሪው ጋር እኩል ተቀምጧል። የአንድ ተቋም ቦርድና ይህ ኮሚቴ አንድ ባይሆኑም፣ ሐሳቡን መዋስ የሚከለክለን የለም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ከእኛ መካከል የሚጠራ ሁሉ እሺ ከማለቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ በቦርዱ ውስጥ በሙያው የኖረ ባለሙያ አለ ወይ? ከተቋሙ ሠልጥኖ የወጣስ? ከገባም በኋላ በየስብሰባው ሦስት ጥያቄ አይለፈው፤ ከገቡት ስንቱ ጨረሱ? ከጨረሱት ስንቱ በተማሩት ሙያ ሥራ ያዙ? ከተገኘው ብር ስንቱ ከወርክሾፑ ደረሰ?

መልሱን ለመስማት ጊዜ የሌለው ሰው ጥሪውን በአክብሮት ይመልስ። የሠልጣኙ ወላጅ ልጁን የሰጠው አምኖ ነው፤ የልጁ ዕድሜ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል ተብሎ በቀጠሮ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።