ጐልፍ እውነተኛ እስፖርት ነውን?

የሰው ልጅ የደከመ አእምሮውን የሚያሳርፍባቸውና ሰውነቱን የሚያጠነክርባቸው ጨዋታዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጨዋታ ሁሉ እስፖርት አይባልም። ስለ ጐልፍ የሚነሣው ክርክርም ከዚህ የመነጨ ነው። ሯጭ ሲያለከልክ፥ ታጋይ ሲወድቅና ሲነሣ የተመለከተ ሰው፥ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ጐልማሳ በለምለም ሣር ላይ ቀስ ብሎ ሲራመድ፥ ዕቃውንም ሌላ ሰው ተሸክሞ ሲከተለው ባየ ጊዜ፥ «ይህስ ሽርሽር እንጂ እስፖርት አይደለም» ቢል አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ፍርድ ከምርመራ በኋላ ሊሰጥ ስለሚገባው ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ አስቀድሞ መግለጽ ይገባል። ተጫዋቹ በረዥም ዱላ ትንሽ ኳስ ይመታል። የኳሷ ክብደት ከ46 ግራም አይበልጥም፤ የምትገባበት ጕድጓድም ወርዱ 11 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ጕድጓዶቹ 18 ሲሆኑ፥ ሜዳው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲለካ ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በኢትዮጵያ የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው የዱላና የኳስ መገናኘት እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፥ በገና ጨዋታ ባላጋራ ኳሱን ሊነጥቅ ይመጣል፤ በጐልፍ ግን የሚነጥቅ የለም።

ጨዋታው በእስኮትላንድ አገር እጅግ የቈየ ነው። በ1457 የአገሩ ሸንጎ ሕዝቡ የቀስት ልምምድን ቸል እንዳይል ሲል ጐልፍን በአዋጅ ከለከለ። በዚያው አዋጅ እግር ኳስም አብሮ መከልከሉ ልብ ሊባል ይገባል። በ1744 በሊዝ ከተማ ለውድድር የሚሆን 13 አንቀጽ ያለው ሕግ ተጻፈ። በ1900 በፓሪስ፥ በ1904 በሴንት ሉዊስ በተደረጉት የኦሎምፒክ ጨዋታዎች ጐልፍ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀርቶ በ2016 በሪዮ ዲ ጃኔሮ ተመለሰ። ነገር ግን ኦሎምፒክ መግባቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እንዲያማ ቢሆን በ1904 እስፖርት የነበረው ነገር በማግስቱ እስፖርት መሆኑን አጣ፥ ከ112 ዓመትም በኋላ እንደ ገና አገኘው ማለት ይሆናል።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ላብ ነው የሚሉ አሉ። ላብ መለኪያ ከሆነ ግን እንጨት ፈላጩና ውሃ ቀጂው ከሁሉ በፊት እስፖርተኞች ይባሉ ነበር፤ ቀስተኛውና ዒላማ ተኳሹ ደግሞ ይወጡ ነበር። የተሻለው መለኪያ ይህ ነው፤ በሕግ በተወሰነ ውድድር ውስጥ፥ ድሉ የሚገኘው ተወዳዳሪው በልምምድ ባሠለጠነው በገዛ አካሉ ሥራ ነውን? ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው፥ «ፈረሱን ወደዚያ አንሣልኝ» ብሎ ሌላውን ሰው ቢያዝና ቢያሸንፍ ድሉ የራሱ ነው፤ እጁ ምንም አልጨመረምና። በጐልፍ ግን ተሸካሚው ዕቃ ይይዛል፥ ምክርም ይሰጣል እንጂ በባለቤቱ ፈንታ አንዲት ምት እንኳ ሊመታ አይችልም። ወገብን፥ ትከሻንና የእጅን አንጓ በአንድ ቅጽበት አስማምቶ ኳስን ከ200 ሜትር በላይ ሰድዶ በታሰበው ስፍራ ማሳረፍ በውክልና የሚፈጸም ሥራ አይደለም።

ይህ ነገር በፍርድ አደባባይም ተመርምሯል። ኬሲ ማርቲን የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋች ቀኝ እግሩን ከልደቱ ጀምሮ የደም ሥር ሕመም ስለ ጐዳው፥ በውድድር ጊዜ በትንሽ መኪና ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀ። የውድድሩ ባለሥልጣኖች ከለከሉት፤ አርኖልድ ፓልመርና ጃክ ኒክላውስን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾችም በእግር መሄድ የውድድሩ ክፍል ነው ብለው መሰከሩ። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ድምፅ ለ2 ለማርቲን ፈረደ፤ የጨዋታው ፍሬ ነገር ምቱ እንጂ እርምጃው አይደለም ሲል ወሰነ። ተቃዋሚዎች፥ «እንግዲያውስ ድካሙ ከተነሣ እስፖርትነቱም ተነሣ» ይላሉ። ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማርቲን መኪናው ቢፈቀድለትም ማንም አልመታለትም። ፍርዱ ዕቃ መሸከምንና መንገድ መሄድን ከዋናው ሥራ ለይቶ፥ በሌላ ሊተካ የማይችለውን ነገር አጥርቶ አሳየ እንጂ ጨዋታውን አላዋረደም።

ባላጋራ የማይታገልበት ጨዋታ ምን ዓይነት ውድድር ነው የሚልም ይኖራል። የዚህ መልስ በ1925 በአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ታይቷል። ቦቢ ጆንስ ለመምታት ሲዘጋጅ ኳሱ ጥቂት ተንቀሳቀሰች። ዳኞች አላዩም፤ እርሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት አስቈጠረ። በውድድሩ መጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፤ ለመለያ በተደረገው ጨዋታም በአንድ ምት ተሸነፈ። ያችን ምት ባያስቈጥር ኖሮ ዋንጫው የእርሱ ነበረ። ሰው በራሱ ላይ ዳኛ የሚሆንበት ውድድር ባላጋራ የለውም አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው ክስ ግን የባለጠጎች ጨዋታ ነው የሚለው ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አልተነገረም። የአሜሪካ የጐልፍ ባለሙያዎች ማኅበር እስከ 1961 ድረስ በደንቡ ውስጥ ነጮችን ብቻ የሚቀበል አንቀጽ ነበረው። በ1754 በሴንት አንድሩስ የተመሠረተው ጥንታዊ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በ2014 ነው። ውሃ በተወደደበት በመካከለኛው ምሥራቅም የሣሩን ሜዳ ማጠጣት ቀላል ወጪ አይደለም፤ ወደ ቂሣርያ የሚወርድ ተሳላሚ ከጥንቱ ወደብ ፍርስራሽ ብዙም ሳይርቅ ይህን ዓይነት ሜዳ ያገኛል። ሆኖም ይህ የባለቤቶች ነውር እንጂ የጨዋታው ባሕርይ አይደለም። ጥንታዊው የሴንት አንድሩስ ሜዳ ለእርሻ በማይመች በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ያለ የሕዝብ መሬት ነው፤ በእሑድም ጨዋታው ቀርቶ የከተማው ሰው ይመላለስበታል።

እንግዲህ ጐልፍ በሕጉም፥ በልምምዱም፥ በአካል ሥራውም እውነተኛ እስፖርት ነው። ነገር ግን ስሙ ዕዳ አለበት። የእስፖርት ድል የሚገኘው በችሎታ ብቻ ከሆነ፥ በገንዘቡ፥ በቈዳው ወይም በፆታው ምክንያት ሰውን ከበሩ የሚመልስ ማኅበር፥ አባሎቹ የቱንም ያህል አሳምረው ቢመቱ፥ በስሙ ለመጠራት መብት የለውም።