«ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከንግድ ቤት ይውጣ

ስለ ክፍያ መተግበሪያዎች ፍጥነትና ጽናት የቀረበ አስተያየት
ከመራዊ፣ በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ የተጻፈ

ንግድ በመተማመን የሚቆም ሥራ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሻጭ ዕቃውን የሚያስረክበው ዋጋው እንደሚደርሰው ስለሚያምን ነው፤ ገዢም ገንዘቡን የሚለቀው ዕቃው እንደማይቀርበት ስለሚያምን ነው። ቀድሞ ይህ እምነት የሚጸናው በብር ኖት ቆጠራ፣ በደረሰኝና በምስክር ነበር። ዛሬ ግን የሚበዛው ክፍያ የሚያልፈው በእጅ ስልክ ውስጥ በተጫነ መተግበሪያ በኩል ነው። መተግበሪያው ሲዘገይ ገበያው ይዘገያል፤ መተግበሪያው ሲቆምም ገበያው አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የእነዚህ መተግበሪያዎች ፍጥነትና ጽናት ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ነገር ሳይሆን፣ አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለ ሱቁም ሊመክርበት የሚገባ የንግድ ጉዳይ ነው እንላለን።

የሀገራችን የክፍያ ሥርዓት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሳየው እርምጃ የሚያስመሰግን መሆኑ አይካድም። ብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 መሠረቱን ጣለ፤ ኢትስዊች የተባለው ድርጅት የባንኮችን መረብ እርስ በርሱ አገናኘ። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን አቋቁሞ፣ በ2017 ዓ.ም. የደንበኞቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሱን አስታውቋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርን ይዞ ቀርቧል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ሥራውን በሀገራችን ጀምሯል። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በክልሎች፣ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ካልሆነ በስተቀር እንዳይሸጥ በታዘዘ ጊዜ፣ የስልክ ክፍያ ለፈለገ የሚቀርብ ምቾት መሆኑ ቀርቶ ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ግዴታ የሆነ ነገር ደግሞ እንደ ምቾት ሊለካ አይችልም። ምቾት ቢጓደል ይታገሡታል፤ ግዴታ ሲጓደል ግን የጭነት መኪናው ከማደያው ደጃፍ ይቆማል፤ የቡሬ በርበሬና የሜጫ በቆሎም ከመጋዘን ሳይወጣ ያድራል።

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያሉት ከተሞቻችን፣ መራዊም፣ ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ የሚኖሩት በገበያ ቀን ነው። ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ማልዶ ይመጣል፤ ሸጦ፣ ጨውና ዘይት ሸምቶ፣ ሳይመሽበት ወደ ቀየው መመለስ አለበት። ለእርሱ የግማሽ ሰዓት መዘግየት የግማሽ ሰዓት መዘግየት ብቻ አይደለም፤ የመንገድ ጭለማ ነው። ለእህል ነጋዴውም ቢሆን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ የሳምንቱ ሥራ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ክፍያ ሦስት ደቂቃ የፈጀ እንደ ሆነ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚስተናገደው ሰው ከሃያ አይበልጥም፤ አርባኛው ሰው እህሉን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ወይም በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ዝግታ እንግዲህ በማንም መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ቀረጥ ነው፤ ከፋዩም ብዙውን ጊዜ የአቅም ማነስ ያለበት ሰው ነው።

ከዝግታው ይልቅ የሚከፋው ግን እርግጠኛ አለመሆን ነው። ለዚህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ በምንሠራበት ንግድ ቤት የደረሰውን እንጥቀስ። የፍኖተ ሰላም ደንበኛችን የዕቃውን ዋጋ በአንድ ስሙን በማንጠቅሰው የክፍያ ድርጅት መተግበሪያ ላከ። በስልኩ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ከዚያ ወዲያ መልስ ጠፋ። ገንዘቡ አልሄደም ብሎ ደግሞ ላከ። ማታ ሒሳብ ስናመሳክር ክፍያው ሁለት ጊዜ ተቆርጦበት ተገኘ፤ ወደ እኛ የደረሰው ግን አንዱ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ገንዘብ ተመልሶ እጁ እስኪገባ ድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ደንበኛችን ዕቃ ሊገዛበት ያሰበው ገንዘብ ታሰረ፤ ከዚህም በላይ በእኛና በእርሱ መካከል ለረጅም ዘመን የቆየው መተማመን ያለ በደላችን ተፈተነ። ይህን የመሰለ ነገር ያልደረሰበት ነጋዴ በአካባቢያችን ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለ አቤቱታ በቀረበ ቁጥር ከድርጅቶቹ ዘንድ የሚሰጠው መልስ «ጥፋቱ የኔትወርክ ነው» የሚል ነው። መልሱ በከፊል እውነት ነው። በገጠር ከተሞች ያለው ኔትወርክ ደካማ ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላም ብዙ ስፍራዎች ለወራት ያለ አገልግሎት ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ኔትወርክ እንደሚደክም አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። ዝናብ በበጋ እንደማይዘንብ የታወቀ በመሆኑ ከመራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ ተሠራ፤ ክረምት የሰጠውን ውኃ አጠራቅሞ በበጋ ወደ 7,000 ሔክታር የሚደርስ መሬት እንዲያጠጣ ታቀደ። ግድቡን ያቀዱት ሰዎች ዝናቡ ባለመዝነቡ ሲያመካኙ አልተገኙም። መተግበሪያም እንዲሁ ነው። መልካም ሆኖ የተሠራ መተግበሪያ ኔትወርክ በመጣ ጊዜ የሚያስፈልገውን አምጥቶ በስልኩ ውስጥ ያኖራል፤ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ያኖረውን ያሳያል፤ የተላከው ትእዛዝ መድረሱን ወይም አለመድረሱን ደግሞ በግልጽ ይናገራል።

የዝግታውን ምክንያት በቅርብ ለመረመረው ሰው ነገሩ ረቂቅ አይደለም። አንድ መተግበሪያ ሲከፈት ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር ይነጋገራል። ማንነትን ለማረጋገጥና ምስጢርን ለመጠበቅ ብቻ መልእክቱ ደጋግሞ መሄድና መመለስ አለበት። ኔትወርኩ ብርቱ በሆነበት ከተማ ይህ ምልልስ ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ ነው፤ ደካማ በሆነበት ስፍራ ግን እያንዳንዱ ምልልስ ሰከንዶችን ይወስዳል። በዚህ ላይ መተግበሪያው ገና ሲከፈት ማስታወቂያውን፣ የሎተሪውን ሥዕልና የበዓሉን ጌጥ ሁሉ ካላመጣሁ ብሎ የክፍያውን ገጽ የሚያዘገይ ከሆነ፣ ነጋዴው ያልጠየቀውን ሲጠብቅ የጠየቀው ይዘገይበታል ማለት ነው። ሌላው ምክንያት የስልኩ አቅም ነው። በገጠር ከተማ በብዙዎች እጅ ያለው ስልክ የማስታወሻ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ርካሽ ወይም ያረጀ ስልክ ነው። መተግበሪያውን የሚሠሩት ባለሙያዎች ግን የሚሞክሩት በአዲስና በውድ ስልክ፣ ብርቱ ኔትወርክ ባለበት ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው እንደ ሆነ፣ ለእነርሱ የሚሮጠው ለእኛ ሲያነክስ ቢታይ አያስደንቅም።

የፍጥነትና የጽናት መለኪያ የለም እንዳይባል፣ በዓለም የታወቀ መለኪያ አለ። የአንድሮይድ ስልኮችን ሥርዓት የሚያወጣው የጉግል ኩባንያ፣ ተዘግቶ የቆየ መተግበሪያ ለመከፈት 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ ከልክ ያለፈ ዝግታ ነው ይለዋል። በቀን ከሚጠቀሙት ሰዎች መካከል 1.09 ከመቶ በሚሆኑት ላይ በድንገት የሚዘጋ፣ ወይም 0.47 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ለንክኪ መልስ መስጠት አቅቶት የሚደርቅ መተግበሪያ ከመልካም ሥራ ወሰን ያለፈ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፤ እንዲህ ያለውንም በመተግበሪያ መደብሩ ውስጥ በቀላሉ እንዳይገኝ ሊያደርገው ይችላል። ከሁለት መቶ ሰዎች አንዱን የሚያሳፍር መተግበሪያ በዓለም ገበያ እንደ ጉድለት ከተቆጠረ፣ በእኛ ገበያ «የተለመደ ነው» ተብሎ የሚታለፍበት ምክንያት አይታየንም።

ፍጥነት ያለ ጽናት ደግሞ ብቻውን አይበቃም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ከማንም አልተረሳም። ባንኩ እንደ ገለጸው፣ ችግሩ ከውጭ በተቃጣ ጥቃት የመጣ ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ ከተደረገ የማሻሻያ ሥራ የተነሣ ነበር። ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ በዚህ መንገድ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑና አብዛኛው በኋላ መመለሱ ተነግሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አቁሞ አውሮፕላኖችን ከሰማይ መንገድ አስቀርቷል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም፣ ማሻሻያ አስቀድሞ በጥቂቱ ተሞክሮ፣ መልካምነቱ ከታየ በኋላ ቀስ በቀስ ካልተሠራጨ፣ ለማሻሻል የተነሣው እጅ ራሱ አፍራሽ ይሆናል። አንድ ነጋዴ እንኳ አዲስ ዓይነት ዕቃ ሲያስመጣ መጀመሪያ ናሙና አስመጥቶ ገበያውን ይሞክራል እንጂ መጋዘኑን በአንድ ቀን አይሞላም።

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ምክንያት፣ ለክፍያ ድርጅቶችና ለባንኮች የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ. መተግበሪያዎቻቸውን በርካሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ ይሞክሯቸው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የገበያ ቀን የሚሠራ መተግበሪያ በአዲስ አበባ መሥራቱ አይቀርም፤ የአዲስ አበባው ግን በእኛ ዘንድ ለመሥራቱ ዋስትና የለውም።

2ኛ. እያንዳንዱ የክፍያ ትእዛዝ ከስልኩ ሲነሣ የራሱ የሆነ አንድ ቁጥር ይያዝ። ከፋዩ መልስ አጥቶ ያንኑ ትእዛዝ ሁለት ጊዜም ሆነ ሦስት ጊዜ ቢልክ፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ ክፍያውን አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጽም። ይህ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀና የተለመደ ዘዴ ነው።

3ኛ. መተግበሪያው «ተከፍሏል»፣ «አልተከፈለም» ወይም «ገና በመጣራት ላይ ነው» ብሎ ከሦስቱ አንዱን በግልጽ አማርኛ ይናገር። ዝም ብሎ የሚሽከረከር ክብ ለነጋዴ መልስ አይሆነውም።

4ኛ. የጥገና ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ማስታወቂያ ይውጣ፤ ጥገናውም በሌሊት ይሁን እንጂ በበዓል ዋዜማና ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት አይሁን።

5ኛ. እንደ *127# እና *847# ያሉት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት አጭር ቁጥሮች እንደ አሮጌ ነገር ተቆጥረው አይጣሉ። በኬንያ ኤም ፔሳ በ1999 ዓ.ም. ሲጀመር የተስፋፋው በተራ ስልክና በአጭር መልእክት እንጂ በዘመናዊ ስልክ አልነበረም። ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ የእኛም መጠጊያ እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው።

እኛ ነጋዴዎች በበኩላችን የሚጠበቅብን ግዴታ አለ። ገዢው በስልኩ ያሳየንን ሥዕል አምነን ዕቃ ማስረከብ አይገባንም፤ ሥዕል ሊሠራ ይችላልና፤ የሚታመነው በራሳችን ሒሳብ ላይ የደረሰው ገንዘብ ነው። ክፍያ ሲደርቅ ደግሞ ከመላክ በፊት የሒሳብን ዝርዝር መመልከት ልማዳችን ይሁን። መተግበሪያውን ከታወቀው መደብር ብቻ እንጫን፤ ስልካችንንም በማያስፈልግ ቪዲዮና ሥዕል አንሙላው፤ የጠበበው ማስታወሻ መተግበሪያውን ያንቀዋል። የወረቀት መዝገባችንንም አንጣል። መዝገብ ኔትወርክ አይጠይቅም።

በመጨረሻም ለንግድ ምክር ቤታችን የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለን። ለየብቻው የሚቀርብ አቤቱታ እንደ ጤፍ ብናኝ ነፋስ ይወስደዋል። ምክር ቤቱ በየከተማው አንድ ቀላል መዝገብ ቢያስከፍት፣ አባላትም መተግበሪያ በቆመባቸው ጊዜ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የስልኩን ዓይነትና የክፍያውን ቁጥር ቢያስመዘግቡ፣ በሦስት ወር ውስጥ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ማስረጃ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ለድርጅቶቹ የምንናገረው «ሲስተማችሁ መጥፎ ነው» በማለት ሳይሆን፣ ይህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ስፍራ ቆሟል በማለት ይሆናል። የብሔራዊ ባንክም የክፍያ ሥርዓቱ ተቆጣጣሪ እንደ መሆኑ መጠን፣ ድርጅቶች አገልግሎታቸው በወር ስንት ሰዓት እንደ ተቋረጠ ለሕዝብ እንዲያስታውቁ ቢያደርግ፣ ነጋዴው የሚጸናውን ከማይጸናው ለይቶ ይመርጣል፤ ውድድሩም የቀረውን ይሠራል።

ሚዛኑ የተዛባ ባለ ሱቅ ደንበኛ እንደሚያጣ ሁላችንም እናውቃለን። የስልክ ክፍያ የዘመናችን ሚዛን ሆኗል። እንግዲህ ሚዛኑን የሠሩት ሰዎች እንዲያስተካክሉት መጠየቅ እንደ ክስ ሊቆጠርብን አይገባም፤ የሚሠሩት ሥራ እንዲጸናና ነጋዴውም እንዲያምነው ከመፈለግ የመጣ ነውና። ይህን አስተያየት ያነበባችሁ አባላት በየከተማችሁ የደረሰባችሁን ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንድታስታውቁ በአክብሮት እናሳስባለን።