ማየት ሁሉ መማር አይደለም

በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ባሉ ብዙ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ትምህርታዊ ጉብኝት» የሚባለው በዓመት አንዴ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚደረገው የዓመቱ ትምህርት ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ለወላጅ የፈቃድ ወረቀት ይላካል፤ የትራንስፖርት፣ የመግቢያና የምሳ ክፍያ ይሰበሰባል። ልጆች በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሙዚየም፣ ወደ መናፈሻ ወይም ወደ ሐይቅ ዳር መዝናኛ ይሄዳሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሳሉ፤ ማታ ደክሟቸው ይመለሳሉ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስለ ጉዞው የሚነሳ ጥያቄ የለም። ልማዱ «በተግባር መማር» ተብሎ ለወላጆች ይቀርባል። ይህ ስም ግን አይገባውም።

ልማዱን የሚደግፈው «ማየት ማመን ነው» የሚለው የቆየ አባባል ነው። ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ ካየ ነገሩ ይገባዋል ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡ መነሻው ትክክል ነው። ሐይቅ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ሐይቅ የሚያነበው ቃል ብቻ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ማየቱ በራሱ በቂ ነው ተብሎ ሲታመን ነው። ዓይን ያየውን ሁሉ አእምሮ አይይዘውም። ምን መፈለግ እንዳለበት ያልተነገረው ልጅ የሚያስታውሰው አውቶቡሱንና ምሳውን ነው።

በልምድ መማርን በዘመናዊው ትምህርት ውስጥ በስፋት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዴዊ ይህን ስህተት አስቀድሞ አይቶታል። ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ በማብሰል፣ በሽመናና በእንጨት ሥራ ይማሩ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ልምድና ትምህርት» በተሰኘው መጽሐፉ ልምድ ሁሉ እኩል የሚያስተምር አለመሆኑን፣ እንዲያውም ቀጣዩን ዕድገት የሚያደናቅፍ ልምድ መኖሩን አስረድቷል። የትምህርት ተመራማሪው ዴቪድ ኮልብም እ.ኤ.አ. በ1984 በልምድ መማርን በአራት ደረጃዎች ከፍሎ አቅርቧል፤ እነሱም በአካል መለማመድ፣ የተለማመዱትን መለስ ብሎ ማሰላሰል፣ ከዚያ ሐሳብ ማውጣትና ሐሳቡን በሌላ ሥራ መሞከር ናቸው። የዓመት መጨረሻው ጉዞ ከእነዚህ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሦስቱን ይተዋል። ጉዞው የሚደረገው ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ስለሆነ ማሰላሰያም መሞከሪያም ጊዜ አይተርፍለትም።

በአምስት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የአጽሟ ቅጂ በዚያ የሚታየው የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ ድንቅነሽ ወይም ሉሲ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ተገኘች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሲሆን፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በተለመደው ጉብኝት ልጆች ተሰልፈው በመስታወቱ ፊት ያልፋሉ፤ ከኋላ ያለው ስለሚገፋ አንዱ ልጅ አጥንቶቹን የሚያይበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ከሙዚየሙ ሲወጡ የሚይዙት ነገር ቢኖር «ሉሲን አየናት» የሚል ነው።

ያው ሙዚየም በጥያቄ ቢገባበት ሌላ ትምህርት ይሆናል። የድንቅነሽ ቁመት 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ይህን ቁመት በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ቢያሰምሩና የራሳቸውን ቁመት ከጎኑ ቢለኩ፣ አብዛኞቹ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ከእርሷ እንደሚበልጡ ያያሉ። ያን ጊዜ «ታዲያ ልጅ ሆና ነው የሞተችው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ከአጥንቷ ጋር አለ፤ ሰው ካደገ በኋላ የሚበቅለው የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ በቅሎላት ስለነበር ሙሉ ሴት እንደነበረች ታውቋል። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበርም የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት ይመሰክራል። ይህን ሊፈልግ የሄደ ልጅ በመስታወቱ ፊት ይቆማል፤ ሲመለስም ለጓደኞቹ የሚያስረዳው ነገር ይኖረዋል።

ወደ ቢሾፍቱ ከተማ የሚደረገው ጉዞም ከዚህ አይለይም። ልጆች በሐይቅ ዳር ይጫወታሉ፣ ይበላሉ፣ ይመለሳሉ። ሆራና ቢሾፍቱ የተባሉት የከተማዋ ሐይቆች ግን በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውኃዎች ናቸው። ሐይቆቹን የከበበው ገደል ይህን በግልጽ ያሳያል። በአካባቢ ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ የሚሆነው ነገር በዚያ በእግር ሥር ተዘርግቶ ሳለ ሳይነሳ ያልፋል። መዝናናቱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ሽርሽሩን ትምህርት ብሎ መሰየሙና ለትምህርት የሚሆነውን ማባከኑ ነው።

አዲስ ቦታ በራሱ ልጅን ለመማር ያነሳሳል የሚለው እምነትም በጥናት ሲፈተሽ አልጸናም። ተመራማሪው ጆን ፎልክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ለቦታው እንግዳ የሆኑ ልጆች ሐሳባቸው አካባቢውን በመላመድ ስለሚያዝ የታሰበላቸውን ትምህርት በደንብ እንደማይይዙ አሳይተዋል። የእስራኤሉ ተመራማሪ ኒር ኦሪዮንም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 እንግድነቱ ሦስት ገጽ እንዳለው አስረድቷል። አንደኛው ልጁ ስለሚያየው ነገር ያለው ዕውቀት፣ ሁለተኛው ቦታውን ማወቁ፣ ሦስተኛው ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ መረዳቱ ነው። ሦስቱም አስቀድሞ በክፍል ሲዘጋጁ ልጁ በመስክ የበለጠ ይማራል። ሩቅና አስደናቂ ቦታ መምረጥ የተሻለ ትምህርት የሚመስላቸው ትምህርት ቤቶች ያለ ዝግጅት ሲሄዱ እንግድነቱን ያበዙታል።

የልማዱ ከባዱ ጉዳት ግን በክፍያው ላይ ነው። ጉዞው የትምህርቱ አካል ከሆነ፣ ወላጁ መክፈል ስላልቻለ ብቻ ቤት የሚቀር ልጅ ከትምህርት እየተከለከለ ነው። ጓደኞቹ ሲሳፈሩ የሚያይ የስምንት ዓመት ልጅ የሚማረው ነገር ቢኖር የቤቱን ድህነት ነው። ይህን በልጅ ላይ ማድረግ ከየትኛውም ትምህርት ቤት አይጠበቅም። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ጉብኝት ማለት አውቶቡስና ብር ማለት ስለሆነ ጭራሽ አይታሰብም።

የሚያሳዝነው ከጉብኝት ይበልጥ የሚጠቀሙት እነዚሁ የሚቀሩት ልጆች መሆናቸው ነው። በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት ክሪስታል ብሪጅስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት ለመጎብኘት ያመለከቱት ትምህርት ቤቶች ከአቅሙ በላይ ስለሆኑ ዕጣ ወጣ። ተመራማሪዎች ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን አወዳደሩ፤ በ123 ትምህርት ቤቶች ወደ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ጠየቁ። የጎበኙት ልጆች ያዩትን ሥዕል ዝርዝር አስታውሰዋል፤ አዲስ ሥዕል ሲቀርብላቸውም በተሻለ ትኩረት መርምረዋል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በገጠርና በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ ነበር። ጉብኝቱ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም፤ ልጆቹ የተወያዩትም በጥቂት ሥዕሎች ላይ ነው። አጭር ጊዜ፣ ጥቂት ነገርና ብዙ ውይይት ውጤት አምጥቷል።

ለእንዲህ ዓይነት ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በብዙ ትምህርት ቤቶች አቅራቢያ ወፍጮ ቤት አለ። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አስቀድሞ ያነጋገረ መምህር ልጆቹን በትናንሽ ቡድን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ቡድን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላና በቆሎ ይለያል፤ ሌላው ሚዛኑን አይቶ የአንድ ኪሎ ማስፈጫ ዋጋ ጠይቆ ለ25 ኪሎ ያሰላል፤ ሦስተኛው ከአስተማማኝ ርቀት ሞተሩ ቺንጋውን፣ ቺንጋው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያዞር በሥዕል ያሰፍራል። አዲስ የተፈጨውን ዱቄት በእጃቸው ሲይዙ ትኩስ ነው። እህሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ገብቶ ዱቄቱ ለምን ትኩስ ሆኖ ወጣ የሚለው ጥያቄ ስለ ሰበቃ የሚሰጠውን ትምህርት ይከፍታል። ልጆቹ በማግስቱ መዳፋቸውን እያሻሹ መልሱን ይፈትናሉ፤ ያልተመለሰ ነገር ካለም ወፍጮ ቤቱ ቅርብ ነውና ይመለሳሉ። አንዴ ብቻ የሚደረግ ሩቅ ጉዞ ይህን መመለስ አይሰጥም። ገበያው፣ የችግኝ ጣቢያው፣ የአናጢው ቤትና የሰፈሩ ወንዝም እንዲሁ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሳል። የመጀመሪያው የከተማ ልጅ ከግቢ ስለማይወጣ የአንድ ቀን ደስታ ይገባዋል የሚለው ነው። ይገባዋል፤ ግን ሽርሽር በስሙ ይጠራ፣ የመክፈል አቅም ለሌላቸውም ትምህርት ቤቱ መላ ይፈልግ። ሁለተኛው በክፍል 50ና ከዚያ በላይ ልጅ ያለው መምህር መውጣት አይችልም የሚለው ነው። ችግሩ እውነተኛ ስለሆነ አንዱን ክፍል በሁለት ቀን ማውጣት፣ ረዳት መምህርና ፈቃደኛ ወላጅ ማሰለፍ ያስፈልጋል። ለአንድ ትልቅ ጉዞ የሚወጣው ድካም ለብዙ ትናንሽ ጉዞዎች ይበቃል። ሦስተኛው የደህንነት ጉዳይ ነው። መንገድ ማቋረጥ አደጋ አለው፤ ረጅም የአውቶቡስ መንገድም ግን ከአደጋ ነጻ አይደለም።

ስለዚህ ጉዞው «ትምህርታዊ» ለመባል መሟላት ያለበት ነገር ግልጽ ነው። ትምህርቱ ሲጠናቀቅ ሳይሆን በመካሄድ ላይ እያለ መውጣት፣ ሳይወጡ በፊት ልጆቹ ራሳቸው ያነሱትን ጥያቄ በደብተር ማስፈር፣ በቦታው ጥቂት ነገር በርጋታ መመልከት፣ ሲመለሱ ያገኙትን መጻፍ፣ መሣል፣ መከራከርና መሞከር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ፣ ከክፍሉ አንድም ልጅ በገንዘብ ምክንያት መቅረት የለበትም። የፈቃድ ወረቀት የሚደርሰው ወላጅም የክፍያውን መጠን ከመጠየቁ በፊት ልጁ ምን ጥያቄ ይዞ እንደሚሄድ፣ ሲመለስም ምን እንደሚሠራ ትምህርት ቤቱን ሊጠይቅ ይገባል።